የደላንታ ድንጋይና የአንጥረኛ ብር፤ ከአንድ ቤት ተነሥቶ የተደረገ አጭር የታሪክ ጥናት

መግቢያ

ስለ አገራችን ታሪክ በተጻፉት መጻሕፍት ውስጥ የነገሥታት ሥራና የጦርነት ወሬ ሰፊ ቦታ ይዞ ይገኛል። ንጉሡ የደፉትን ዘውድ የማን እጅ እንደ ሠራው፣ ሙሽራዪቱ ያደረገችው አልቦ አስቀድሞ ምን እንደ ነበረ፣ ካህኑ የሚያሳልሙት የመስቀል ብር ከየት አገር እንደ መጣ የሚመረምር ጽሑፍ ግን ጥቂት ነው። እኛም ብንሆን ይህን ጥናት ስንጀምር ሐሳባችን ሌላ ነበር። በማርያ ቴሬዛ ብር ስለ ተደረገው ንግድ የሽማግሎችን ቃል ለመሰብሰብ ወደ ደሴ ሄደን ሳለ፣ «የጥንት ብር ከፈለጋችሁ እዚያ ቤት ጠይቁ» ተብለን ወደ አንድ ባልና ሚስት ቤት ተመራን። በዚያ ቤት ያየነው ሥራ ከብሩ ወደ ድንጋዩ፣ ከድንጋዩም ወደ ሰፊው ታሪክ ወሰደን።

የቤቱ ጌታ ጡረታ የወጡ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ናቸው። ባለቤታቸውም ብዙ ዘመን በአስተማሪነት ያገለገሉ፣ ትውልዳቸው ከደላንታ የሆነ ወይዘሮ ናቸው። ስማቸው እንዳይጻፍ ስለ ለመኑን፣ በቤታቸው እንደ ጠራናቸው ሁሉ እዚህም ጋሼና እትዬ እያልን እንጽፋለን። ሁለቱ ሽማግሎች ለመተዳደሪያ ሳይሆን ለልባቸው ደስታ ሲሉ በአንድ ሥራ ተባብረዋል። እትዬ ድንጋይ ይለቅማሉ፣ ይመርጣሉ፣ ይሞርዳሉ፤ ጋሼ ደግሞ ብር አቅልጠው ለድንጋዩ ማደሪያ ይሠሩለታል። ከሁለቱም እጅ ቀለበት፣ ጉትቻና የአንገት ጌጥ ይወጣል።

ይህን ካየን በኋላ አንድ ጥያቄ በአእምሯችን ተቀረጸ። የኢትዮጵያ አንጥረኛ ብርን እንደ ክር አቅጥኖ የሚጎነጉን ባለሙያ ሆኖ ሳለ፣ የኢትዮጵያም ተራራ ኅብረ ቀለም ያለው ዕንቍ በሆዱ ይዞ ሳለ፣ ብሩና ድንጋዩ ስለ ምን እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ሳይገናኙ ቀሩ? በዚህ አነስተኛ ጽሑፍ ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመፈለግ እንሞክራለን። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ክፍል ፩ በአንድ ጣራ ሥር ያለው ሥራ

የሥራው ቦታ ከማድ ቤቱ ጀርባ ያለች አንዲት ጠባብ ክፍል ናት። በግራ በኩል የእትዬ መሞረጃ ተቀምጧል። ይህም ከአሮጌ የልብስ ስፌት መኪና እግር ላይ የተሠራ መሽከርከሪያ ሲሆን፣ በላዩ ላይ የአልማዝ ዱቄት የተለጠፈበት ክብ ሰሌዳ ይገጠምበታል፤ ሰሌዳዎቹን በውጭ አገር የምትኖር ልጃቸው ልካላቸዋለች። በቀኝ በኩል የጋሼ ዕቃዎች ይገኛሉ። መዶሻ፣ መስፍ፣ ጉጠት፣ ሞረድ፣ የማቅለጫ ሸክላ፣ ብር እየተጎተተ የሚቀጥንበት ባለ ብዙ ቀዳዳ የብረት ሳንቃ፣ አንድ ትንሽ ሚዛን፣ እንዲሁም ከግድግዳው ላይ የተሰቀለ የቈዳ ወናፍ ናቸው። ወናፉ አሁን አይሠራም፤ ነገር ግን የአባታቸው ስለ ሆነ ከዚያ አይወርድም።

እትዬ ወደ ቈፋሮ ዋሻ አይገቡም። ክረምት ካለፈ በኋላ በጥቅምትና በኅዳር ወደ ዘመዶቻቸው አገር ሲሄዱ፣ ባልና ሚስቱ አብረው ከገደሉ ሥር ጐርፍ ያወረደውን ይለቅማሉ፤ ከዚህም ሌላ ነጋዴዎች ትንሽ ነው ብለው የተዉትን ከወጣቶቹ ላይ ይገዛሉ። የተገኘውን ድንጋይ ወዲያው አይቈርጡትም። መስኮት አጠገብ ባለ ሰፌድ ላይ አስቀምጠው አንድ ክረምትና አንድ በጋ ያሳልፉታል። «ድንጋይም እንደ ሰው ነው፤ ሳታስከርሙት አትመኑት» ይላሉ። የሚሰነጠቅ ከሆነ በዚያ ጊዜ ይሰነጠቃል፤ የጸናው ብቻ ወደ መሽከርከሪያው ይቀርባል። ከዚያም በሻካራው ሰሌዳ ቅርጽ ይይዛል፣ በለስላሳው ይጠራል፣ በመጨረሻም ጫፉ ከብ ብሎ እንደ ጤዛ ጠብታ ይሆናል።

የጋሼ ሥራ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። የድንጋዩን ዙሪያ በክር ለክተው በልኩ ስስ የብር ጥብጣብ ይቈርጣሉ፤ ጥብጣቡን አክብበው ከመደቡ ጋር በእሳት ያያይዛሉ፤ ይሞርዳሉ፣ ያጥባሉ። ድንጋዩ የሚገባው ብሩ ፈጽሞ ከበረደ በኋላ ነው። የጥብጣቡንም ጠርዝ በለስላሳ ብረት እየገፉ ወደ ድንጋዩ ያስተኙታል።

ይህ ሥርዓት በዋጋ የተማሩት ነው። በመጀመሪያው ዓመት ጋሼ ድንጋዩን ከቤቱ ካስገቡ በኋላ አንድ ክፍት መጋጠሚያ ስላዩ መልሰው ወደ እሳት አቀረቡት። ድንጋዩ እንደ ፈንዲሻ ጮኾ ፈነዳ። ያም ድንጋይ እትዬ ከእናታቸው መሬት ያገኙትና ሦስት ዓመት ያቈዩት ነበር። እትዬ በዚያ ቀን ምንም አልተናገሩም። በማግሥቱ ግን ወደ ክፍሏ ገብተው፣ «እሳቱ መጀመሪያ፣ ድንጋዩ መጨረሻ፤ ከእንግዲህ ይኸው ነው አንቱ» አሉ። ከዚያ ወዲህ የቤቱ ሕግ ይኸው ሆነ።

የፈነዳበትም ምክንያት ግልጽ ነው። ኦፓል የሚባለው ድንጋይ በውስጡ ውሃ አለበት። ድንጋዩ እጅግ ደቃቅ በሆኑ፣ በዓይን በማይታዩ የሲሊካ እንክብሎች የተገነባ ነው። እንክብሎቹ ተስተካክለው በተደረደሩበት ስፍራ ብርሃን ሲገባ ተሰባብሮ በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ ቀለም ይመለሳል። በድንገተኛ እሳት ግን ውስጡ ያለው ውሃ መውጫ ፈልጎ ድንጋዩን ይሰነጥቀዋል። የወሎው ኦፓል ደግሞ ልዩ ጠባይ አለው፤ ውሃ ውስጥ ሲነከር ይጠጣል፣ ይከብዳል፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ይሆናል፣ ኅብረ ቀለሙም ለጊዜው ይጠፋል፤ ሲደርቅ ይመለሳል። ስለዚህ እትዬ እርጥብ ድንጋይ በሚዛን አይገዙም።

ክፍል ፪ የጥንቱ የዕንቍ ንግድ

በአገራችን ድንጋይ መፈለግ አዲስ ነገር አይደለም። በአንደኛው መቶ ዓመት እንደ ተጻፈ የሚታመነው የኤርትራ ባሕር መምሪያ የተባለው የግሪክ መጽሐፍ፣ ከአዱሊስ ወደብ አልፎ ባለ አንድ ሰላጤ ውስጥ ከአሸዋ በታች ባልጩት እንደሚገኝ ይናገራል። ባልጩት መልኩ የጠቈረ መስተዋት የመሰለ ድንጋይ ሲሆን፣ ለስለትም ለጌጥም ያገለግል ነበር።

ከዚያ በኋላ በ6ኛው መቶ ዓመት ወደ አዱሊስ መጥቶ የነበረው የእስክንድርያው ነጋዴ ኮስማስ ከዚህ የበለጠ ቃል ትቶልናል። በእርሱ አነጋገር፣ የአክሱም ነጋዴዎች ኤመራልድ የሚባለውን አረንጓዴ ዕንቍ ብለምዬስ ከተባሉት ሕዝቦች እየገዙ ወደ ሕንድ አገር ይወስዱት ነበር። ስለ ወርቅም ሲናገር፣ የአክሱም ሰዎች ሳሱ ወደሚባለው አገር በሬ፣ ጨውና ብረት ይዘው እንደሚሄዱ፣ ዕቃውን በአጥር ላይ አስቀምጠው ፈቀቅ እንደሚሉ፣ የአገሩም ሰዎች መጥተው ከሚፈልጉት ዕቃ አጠገብ የወርቅ እንክብል እንደሚያስቀምጡ ይገልጻል። ሻጭና ገዢ ቋንቋ ሳይነጋገሩ የሚፈጸም ንግድ ነበር።

የአክሱም ባለ እጆች ችሎታም በገንዘቡ ላይ ይታያል። ከ3ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ከንጉሥ እንዱቢስ ጀምሮ የአክሱም ነገሥታት የወርቅ፣ የብርና የመዳብ ገንዘብ አስመትተዋል። በአንዳንዶቹ የብርና የመዳብ ገንዘቦች ላይ በንጉሡ ራስ ዙሪያ ስስ ወርቅ ተለብጦ ይገኛል። በጣት ጥፍር በምታህል ስፍራ ላይ ወርቅን ከሌላ ማዕድን ጋር ማዋሐድ የተራ ሠራተኛ ሥራ አይደለም።

ከዚህ ሁሉ የምንረዳው አንድ ነገር ነው። ዕንቍ ፈላጊም፣ የዕንቍ ነጋዴም፣ ወርቅ ሠሪም በጥንት ጊዜ ነበሩ። ነገር ግን ኮስማስ እንደ ጻፈው ዕንቍ ለንግድ ወደ ሕንድ ያልፍ ነበር። ይህን ቃል አንባቢ በልቡ እንዲይዘው እንለምናለን፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለንና።

ክፍል ፫ ገንዘቡ ጌጥ፣ ጌጡ ገንዘብ

በቋንቋችን ማዕድኑና ገንዘቡ አንድ ስም አላቸው፤ ሁለቱም ብር ይባላሉ። ይህ በከንቱ የመጣ አይደለም። ከ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ በአገራችን አንጥረኛ እጅ የገባው ብር አብዛኛው የማርያ ቴሬዛ ገንዘብ ነበር። ንግሥት ማርያ ቴሬዛ በ1780 ከሞቱ በኋላም ገንዘቡ ያንኑ ዓመት እንደ ያዘ መመታቱን ቀጠለ። ክብደቱ 28 ግራም ያህል ነው፤ ከ1000 እጅ 833ቱ ጥሩ ብር ስለ ሆነ በእያንዳንዱ ገንዘብ ውስጥ ከ23 ግራም የበለጠ ንጹሕ ብር ይገኛል። የአገራችንም ወቄት የተለካው በዚሁ ገንዘብ ክብደት ነው።

ሕዝቡ ገንዘቡን የሚፈትንበት መንገድ ለጥናታችን ጠቃሚ ነው። በንግሥቲቱ ራስና በትከሻዋ መርፌ ላይ ያሉት የሉል ነጥቦች ጐልተው ካልታዩ ገንዘቡን አልቀበልም የሚል ብዙ ነበር። ስለዚህ የገንዘቡ ምስክር በላዩ የተቀረጸው ጌጥ ነበር ማለት ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ከ1894 ጀምሮ የራሳቸውን መልክ የያዘ ብር በፓሪስ ቢያስመቱም የቀድሞው ገንዘብ ከገበያ አልጠፋም። ሙሶሊኒ በ1935 የገንዘቡን ማተሚያ ቅርጽ ከኦስትሪያ ወስዶ በሮም ማስመታቱ፣ ይህ ብር በኢትዮጵያ ገበያ ምን ያህል ኀይል እንደ ነበረው ያሳያል። በ1945 አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ሲወጣ ግን ከሕጋዊ ገንዘብነት ወጣ።

ጋሼ አባታቸው እንዴት ይሠሩ እንደ ነበረ እንዲህ ሲሉ ነገሩን። ደንበኛው ጌጥ ሲያሠራ ብሩን ራሱ ያመጣል። የአንገት መስቀል ከሆነ አንድ፣ ከባድ አልቦ ከሆነ ብዙ ብር ይቈጥራል። አንጥረኛው አቅልጦ ከሠራ በኋላ ጌጡን በሚዛኑ በአንድ ወገን፣ ያልቀለጠ ብር በሌላው ወገን አድርጎ በደንበኛው ፊት ይመዝናል፤ በእሳት የጐደለውን ያስረዳል፤ የእጁን ዋጋ ለብቻ ይቀበላል። ክፉ ቀን ሲመጣ ደግሞ ሴቲቱ ድሪዋን ወይም አምባሯን ይዛ ወደ ገበያ ትሄዳለች፤ ገዢውም በዚያው ሚዛን መዝኖ ይወስዳል። ጌጡ በአንገት ላይ የተንጠለጠለ ጎተራ ነበር።

ከላይ ላነሣነው ጥያቄ የመጀመሪያው መልስ ከዚህ የሚገኝ ይመስለናል። ጌጥ በብር ክብደት በሚገመትበት አገር፣ በጌጡ ላይ የሚገባ ድንጋይ ሚዛኑን ያበላሻል፤ ክብደት ይጨምራል እንጂ ዋጋ አይጨምርም። ደንበኛም፣ «ድንጋይ በብር ዋጋ ልትሸጥልኝ ነውን?» ብሎ ይጠረጥራል። ዶቃና ጨሌ እንኳ ከብሩ ተለይተው በክር የሚሰኩት ሊፈቱ ስለሚችሉ ነው። በከበሩ ዘውዶች ላይ ባለ ቀለም ብርጭቆና ፈርጥ የሚገኘው፣ ዘውድ በገበያ ስለማይመዘን ነው እንላለን። ይህ የራሳችን ግምት ስለ ሆነ ሌሎች ተማሪዎች እንዲመረምሩት እንተወዋለን።

ክፍል ፬ የደላንታ ሜዳ በ1868

እትዬ የተወለዱበት የደላንታ አምባ በታሪካችን የታወቀ ስፍራ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን ከባድ መድፍ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲያስጐትቱ፣ የጅጣን ሸለቆ ተሻግረው፣ ደላንታን አቋርጠው፣ በበሽሎ ወርደው ነበር። በጄኔራል ናፒየር የተመራው የእንግሊዝ ጦርም በዚሁ አምባ በኩል አልፎ ሚያዝያ 13 ቀን 1868 መቅደላን ያዘ፤ ንጉሡም በዚያ ቀን ራሳቸውን ሠዉ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ለዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ዋናው ነው። ጦሩ ከመቅደላ የዘረፈውን ዘውድ፣ ጽዋ፣ መስቀልና የብራና መጽሐፍ በ15 ዝሆኖችና 200 በሚጠጉ በቅሎዎች ጭኖ ወደ ደላንታ ሜዳ አመጣ። በዚያም ሚያዝያ 20 እና 21 ቀን ዕቃው ሁሉ በጨረታ ተሸጠ። የእንግሊዝ ሙዚየም ወኪል የነበረው ሪቻርድ ሆምዝ ብዙውን ገዛ። ከሽያጩ 5000 ፓውንድ ያህል ተሰበሰበ፤ በዚያ የነበረው ጋዜጠኛ ሄንሪ ስታንሊ እንደ ጻፈው፣ ይህ ገንዘብ ሲከፋፈል ለእያንዳንዱ ወታደር ከ4 ብር ጥቂት የሚበልጥ ደረሰው። ከዚያ ከተዘረፈው ውስጥ አንድ የወርቅ ዘውድና አንድ የወርቅ ጽዋ እስከ ዛሬ ድረስ በለንደን በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ይገኛሉ።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን ማስተዋል ይገባል። በአንድ በኩል፣ የእንግሊዝ ጦር በመንገዱ እህልና ከብት የሚገዛው ከቪየና አስመትቶ ባመጣው የማርያ ቴሬዛ ብር ነበር። ጥሬው ብር በዚህ ጦር እጅ ገባ፤ የአንጥረኞቻችን የተጠናቀቀ ሥራ በዚሁ ጦር እጅ ወጣ። በሌላ በኩል፣ ጨረታው በተደረገበት አምባ ገደሎች ውስጥ፣ ከዚያ ሜዳ ብዙ ሳይርቅ፣ የኦፓል ንጣፍ ተኝቶ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስም፣ ናፒየርም፣ ጨረታ አሻሻጩም ይህን አላወቁም።

ክፍል ፭ ድንጋዩ ሲገለጥ

የኢትዮጵያ ኦፓል በዓለም ገበያ መታወቅ የጀመረው በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከሸዋ ከመንዝ ግሼ በወጣው ነው። ያ ድንጋይ ብዙውን ጊዜ እንደ ቡና የጠየመ ነበር፤ ብዙውም ስለሚሰነጠቅ ገዢዎች ፈሩት። በ2008 ደግሞ በወሎ፣ በወገል ጤና አጠገብ፣ ፀሐይ መውጫ በሚባለው መንደር አካባቢ ነጣ ያለውና ኅብረ ቀለሙ የደመቀው ኦፓል ተገኘ፤ በ2010ም የአሜሪካ የዕንቍ ጥናት ተቋም መጽሔት ስለ እርሱ ሰፊ ጥናት አወጣ። ድንጋዩ የሚገኘው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት እሳተ ገሞራ ባፈሰሰው ዐለት መካከል፣ በገደሉ ወገብ ላይ በተዘረጋ ስስ ንጣፍ ውስጥ ነው። ኋላም ከዚያው ከወሎ ጥቁሩ ኦፓል ወጣ። ኮስማስ የጠቀሰው የኤመራልድ ዓይነትም በአገራችን በደቡብ በሻኪሶ አካባቢ ተገኝቶ ከ2016 ወዲህ ስሙ ተሰምቷል።

እትዬ ልጅ ሳሉ በግ ሲጠብቁ የሚያብረቀርቅ ጠጠር ለቅመው ይጫወቱ እንደ ነበረ፣ እናታቸውም «የመብረቅ ስባሪ ነው፣ ጣዪው» ይሏቸው እንደ ነበረ አጫውተውናል። የአንድ ሰው ትዝታ ለታሪክ ማስረጃ እንደማይበቃ እናውቃለን። ሆኖም ድንጋዩ ዋጋ ያገኘው ሲገኝ ሳይሆን ገዢ ሲመጣለት እንደ ሆነ ይህ ቃል ያስረዳል።

ድንጋዩ ለደላንታ ወጣቶች ሥራና ገንዘብ አምጥቷል፤ አደጋም አምጥቷል። ንጣፉ በገደል ላይ ስለ ሆነ ወጣቶቹ በገመድና በጠባብ መንገድ ወርደው በመዶሻና በመቈፈሪያ ወደ ውስጥ ዋሻ ይከፍታሉ። በዋሻዎቹ ውስጥ በቂ ድጋፍ አይደረግም። በ2024 መጀመሪያ በደላንታ አንድ ዋሻ ተደርምሶ ወደ 20 የሚጠጉ ቈፋሪዎች ከውስጥ እንደ ቀሩ በዜና ተነግሯል። የሚያብረቀርቀውን ጌጥ ስናይ ይህን መርሳት አይገባንም። እትዬም አንድ ቀለበት ሲያልቅ፣ «ይህን ያወጣው ልጅ በሰላም ገብቶ ይሆን?» ማለት ልማዳቸው ነው።

ከገደሉ የሚወጣው ጥሬ ድንጋይ ብዙው የሚቈረጠው በሕንድ አገር፣ በተለይም በጃይፑር ከተማ ነው። መንግሥት ድንጋዩ በአገር ውስጥ ተቈርጦ እንዲሸጥ ለማድረግ በልዩ ልዩ ጊዜ ሞክሯል፤ በአዲስ አበባና በሌላም ስፍራ የሚቈርጡ ባለሙያዎች አሉ። ነገር ግን የሥራው ትልቁ ክፍል አሁንም ባሕር ማዶ ነው። አንባቢ ያንን የኮስማስን ቃል አሁን ያስታውስ። ከ1400 ዓመት በፊት ዕንቍ ከቀይ ባሕር ዳር ወደ ሕንድ ያልፍ ነበር፤ ዛሬም ዕንቍ ከደላንታ ወደ ሕንድ ያልፋል። በአክሱም ጊዜ ግን ወሳጁም አትራፊውም የአገሩ ነጋዴ ነበር።

ክፍል ፮ ባለ እጅና ንቀት

ብሩና ድንጋዩ ያልተገናኙበት ሁለተኛው ምክንያት ከማዕድን ጥናት ሳይሆን ከኅብረተሰባችን ልማድ የሚገኝ ነው። በአገራችን ብረት የሚቀጠቅጥ፣ ቈዳ የሚፍቅ፣ ሸክላ የሚሠራ ሰው ባለ እጅ እየተባለ ሲናቅ፣ ቡዳ እየተባለም ሲፈራ ኖሯል። ብርና ወርቅ ሠሪው አንጥረኛ ከብረት ቀጥቃጩ ይልቅ የተሻለ ስፍራ ነበረው፤ ሆኖም ከስድቡ ፈጽሞ አልዳነም። በጐንደር አካባቢ የነበሩት የቤተ እስራኤል ወገኖች ለዚህ ምሳሌ ናቸው። ባል ብረት ይቀጠቅጣል፤ ሚስት ሸክላ ትሠራለች፤ አንድ ቤት ራሱን የቻለ የእጅ ሥራ ማኅበር ነበረ። ጐረቤት ማረሻውንም ጀበናውንም ከእነርሱ ይገዛ ነበር፤ ማዕዱን ግን አይጋራቸውም። ብዙዎቹ በተለይ በ1984 እና በ1991 ወደ እስራኤል ሲሄዱ፣ ከእነርሱ ጋር ብዙ ዕውቀት አብሮ ሄደ።

ዳግማዊ ምኒልክ በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ሠራተኛን በሥራው መሳደብን የሚያወግዝ ዐዋጅ አስነግረው ነበር፤ ሐሳቡም ባለ እጅን የሚሰድብ ንጉሡን እንደ ሰደበ ይቈጠራል የሚል ነው። ነገር ግን ልማድ በዐዋጅ ብቻ አይሻርም። እኛ በትምህርት ቤት ኦሪት ዘጸአትን ስንማር፣ ባስልኤል በወርቅ፣ በብርና በናስ ይሠራ ዘንድ፣ የዕንቍንም ድንጋይ ይቀርጽ ዘንድ የእግዚአብሔር መንፈስ እንደ መላበት ተምረናል። ያን መጽሐፍ የሚያነብና የሚያከብር ሕዝብ የባስልኤልን ልጆች ስለ ምን እንደ ናቀ፣ መልስ የሚያስፈልገው ጥያቄ ነው።

የጋሼ ታሪክ ይህን ያስረዳል። ገና ተማሪ ሳሉ አስተማሪው የእያንዳንዱን ልጅ የአባት ሥራ ሲጠይቅ፣ «ነጋዴ ነው» ብለው መለሱ። ወሬው ቤት ደረሰ። አባታቸው አልተቈጡም፤ ነገር ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጃቸውን ወናፍ አስይዘው አያውቁም። ሊሞቱ ሲሉ ዕቃዎቹን በአንድ ሣጥን አድርገው ሰጧቸው። ጋሼ ሣጥኑን ከነመቈለፊያው ሠላሳ ዓመት ያህል ከአልጋ ሥር አኖሩት። እትዬን ሊያገቡ ሲሉም የልጅቱ ዘመዶች፣ «ከባለ እጅ ቤት አንሰጥም» ብለው ተቃወሙ፤ ጋብቻው የተፈጸመው ከብዙ ክርክር በኋላ ነው። ሣጥኑን የከፈቱት እትዬ ናቸው። ጋሼ ጡረታ በወጡበት ወር ከዘመዶቻቸው ዘንድ ያመጡትን ድንጋይ በሣጥኑ ክዳን ላይ አስቀምጠው፣ «ይህ ቤት ይፈልጋል፤ አባትዎ ቢኖሩ ይሠሩለት ነበር» አሏቸው።

ጋሼ ሥራውን ከልጅነት ትዝታቸውና ከአንድ ሽማግሌ አንጥረኛ እንደ ገና ተማሩት። ሙያው ከአባት ወደ ልጅ ብቻ የሚተላለፍ ስለ ነበረ፣ ልጅ ሲያፍርበት የሚቋረጠው ያ አንድ ቤት ብቻ አይደለም። በየአገሩ እንዲህ ያለ ስንት ሣጥን ከስንት አልጋ ሥር እንዳለ ማን ያውቃል? ድንጋዩ በ2008 ሲገለጥ ብሩን የሚያውቅ እጅ በቁጥር አንሶ፣ የቀረውም አንገቱን ደፍቶ ነበር።

መደምደሚያ

እንግዲህ ከላይ የተዘረዘረውን በአጭሩ ስንሰበስበው፣ ብርና ድንጋይ ሳይገናኙ የቈዩበትን ምክንያት በሦስት እንከፍለዋለን። አንደኛ፣ ድንጋዩ ያለበት ስፍራ በገደል ውስጥ የተሰወረ ስለ ሆነ፤ ሁለተኛ፣ ጌጥ እንደ ገንዘብ በክብደት ስለሚገመት ለድንጋይ ቦታ ስላልነበረው፤ ሦስተኛ፣ ሙያው ስለ ተናቀ ከጥቂት ቤቶች ወጥቶ ሊስፋፋና አዲስ ነገር ሊቀበል ስላልቻለ ነው። የመጀመሪያውን መሰናክል ቈፋሪዎቹ አስወግደውታል፤ ሁለተኛውም የማርያ ቴሬዛ ብር ከገበያ ሲወጣ ኀይሉን አጥቷል። ሦስተኛው ግን በእኛ ዘንድ አለ። የመቍረጫ መኪና በገንዘብ ይገዛል፤ የሙያ ክብር ግን በገንዘብ አይገዛም።

በተረፈ ለተማሪ ጓደኞቻችን የምናቀርበው ልመና አለ። እያንዳንዳችን ወደ ትውልድ አገራችን ስንመለስ፣ በዕድሜ የገፉትን አንጥረኞች ፈልገን ቃላቸውን፣ የዕቃዎቻቸውን ስምና የአሠራራቸውን ደንብ ብንጽፍ፣ በደላንታ ሜዳ በጨረታ ከተሸጠው የማያንስ ሀብት እናድናለን። የተሸጠውን ቢያንስ በሙዚየም መስተዋት ውስጥ ማየት ይቻላል፤ ከሽማግሌ ጋር የሚቀበረውን ግን ማንም መልሶ አያየውም።

ልንሰናበታቸው በተነሣን ጊዜ ጋሼ አንድ ነገር ጠየቁን። የእርሳቸው ስም እንዳይጻፍ፣ የአባታቸው ሥራ ግን በትክክል እንዲጻፍ ነው። በትምህርት ቤት መዝገብ ላይ አስተማሪው «ነጋዴ» ብሎ የጻፈው እስካሁን እንዳልታረመ ነገሩን። ስለዚህ በዚህ መጽሔት እናርመዋለን፤ አባታቸው አንጥረኛ ነበሩ።